ሦስተኛው መገንጠያ

ልጆቹ በብስክሌት ጫካ ሲገቡ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነውና ልቅደም ብልም አልችልም፤ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም። በክበባችን አንድ ትልቅ ሰው ከፊት ይመራል፣ አንድ ትልቅ ሰው ከኋላ ይሰበስባል። የፊቱ ኦርቮ ነው፣ ብየዳ ቤት ያለው፣ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ የማይጠፋ ሰው። የኋላው እኔ ነኝ። ልጆቹ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ «ጭራ» ይሉኛል። ሲያከብሩኝ ደግሞ «ሙሙ»፤ የኛ ሰዎች ከመጡበት አገር በቋንቋቸው አያትን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ስሜ ሌምፒ ነው፣ ግን በስሜ የሚጠራኝ ልጅ የለም።

ሁላችንም በፈቃዳችን የምንሠራ ነን። ማክሰኞ ማክሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከድሮው የመዳብ ማዕድን ግርጌ ካለው የመኪና ማቆሚያ እንገናኛለን። አንዱ አባት ጎማ ይነፋል፣ ሌላው ፍሬን ያጠብቃል፣ አንዷ እናት ብርቱካን ትቆራርጣለች። ከዚያ ጫካ እንገባለን፤ በሐይቁ በኩል ዞረን፣ በማዕድኑ በኩል ወርደን፣ እዚያው ማቆሚያው ላይ እንወጣለን።

መንገዱ ሦስት ቦታ ይገነጠላል። ኦርቮ መገንጠያ ላይ ሲደርስ ከኋላው ያለውን ልጅ ያቆመዋል። ያ ልጅ «ቀስት» ይሆናል። እጁን ዘርግቶ መንገዱን ያሳያል፣ ሌሎቹ እሱን እያዩ ይታጠፋሉ። ቀስት የሆነ ልጅ ከቦታው የሚነሳው እኔ ስደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከኔ ጋር ይቀጥላል። እናቱ ብትጠራውም አይነሳም፣ ዝናብ ቢመጣም አይነሳም፣ ሽንቱ ቢወጥረውም እዚያው ዛፍ ሥር ይሸናል እንጂ አይነሳም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ልጅ ጫካ ውስጥ የሚጠፋው ጓደኞቼን ልድረስባቸው ብሎ በራሱ ሲንቀሳቀስ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሳንነሳ በፊት ሕጉን በአንድ ድምፅ አስብላቸው ነበር። እነሱም እየሳቁ ይሉት ነበር።

ልጆቼ፣ የምነግራችሁ ያ ሕግ እንዴት በአንዲት ልጅ ላይ እንደዞረ ነው።

የነሐሴ ማክሰኞ ነበር። ልጆቹ አስራ አንድ ነበሩ። ጠዋት ሬዲዮው ማታ ነፋስ አለ ብሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ማታ ሳይሆን ቤታችን እንገባለን ብለን ወጣን። ከልጆቹ አንዷ ቲልዳ ነበረች፣ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ጆሊን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ብቻዋን የምታሳድጋት ሴት ናት። ቲልዳ ዝምተኛ ልጅ ናት። ዌስሊ የሚባለው፣ አፉ የማያርፍ የአስር ዓመት ልጅ፣ «ቀስት ከምታደርጓት ዛፍ ብታቆሙ ይሻላል፣ ዛፍ እንኳ አንዳንዴ ይንቋቋል» ብሎ ልጆቹን ሁሉ አሳቀባት። እሷ የሄልሜቷን ማሰሪያ እያጠበቀች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

የመጀመሪያውን መገንጠያ አለፍን፣ ቀስት የነበረውን ልጅ ይዤ ቀጠልኩ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። ከሁለተኛው ትንሽ እልፍ እንዳልን ከፊቴ የነበረው ዌስሊ ጮኸ። ካቴናው ተበጥሶ፣ ፔዳሉ ከድቶት፣ ጉልበቱ ድንጋይ ላይ አርፏል። ደሙ ብዙ አልነበረም፤ እሱ ግን ደሙን ሲያይ ያ ሁሉ አፉ ጠፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጉልበቱን ጠርጌ አሰርኩለት። ካቴናውን ልቀጥል ብዬ ቦርሳዬን ሳገላብጥ መቀጠያውን ቤት ትቼዋለሁ።

ያኔ ነጎድጓዱ መጣ። ከሐይቁ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሯል። የዛፎቹ ጫፍ መወዛወዝ ጀመረ፤ ታች እኛ ጋ ግን ቅጠል አይነቃነቅም። ያ ዓይነት ዝምታ ጥሩ አይደለም። ሦስቱ ልጆች ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ከሁለተኛው መገንጠያ አጠገብ የድሮው ባቡር ሐዲድ የተነቀለበት ሜዳ መንገድ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ማቆሚያው ይወርዳል። ኑ፣ በዚህ እንሂድ አልኳቸው። የዌስሊን ብስክሌት እኔ እየገፋሁ፣ እሱ እያነከሰ፣ ሁለቱ ከፊት ከፊት እየሄዱ ወረድን።

ከኋላ የሚሰበስብ ሰው አቋራጭ አይገባም። ይህንንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። የሚያለቅስ ልጅ በእጄ ነበር፣ ሰማዩ ይጮህ ነበር። ሦስተኛው መገንጠያ የሚባል ነገር በዚያች ሰዓት ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር።

ስንደርስ ኦርቮ ከሌሎቹ ጋር ቀድሞን ደርሷል። ዝናቡ በትልልቁ መንጠባጠብ ጀምሯል። ቁጥር፣ አለኝ ኦርቮ። ሄልሜት ሄልሜቱን ቆጠርኩ፣ አስራ አንድ። እሱም ቆጠረ፣ አስራ አንድ። ወላጆች ብስክሌቱን መኪናቸው ላይ እየጫኑ፣ ልጁን እየወረወሩ ማስገባት ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቦታው ባዶ ሆነ። እኔና ኦርቮ የብርቱካኑን ጠረጴዛ እያጠፍን ቀረን።

የጆሊን መኪና የዚያን ጊዜ መጣች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። መስኮቷን ዝቅ አደረገችና ከኋላችን የቆመ ሰው እንዳለ ሁሉ አሻግራ አየች።

«ቲልዳስ?» አለች።

ኦርቮ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ኦርቮ ዞርኩ። ካንቺ ጋር አልነበረችም እንዴ፣ አለኝ። ሦስተኛው መገንጠያ ላይ አቁሜያት፣ ከአንቺ ጋር... ብሎ ቃሉን አልጨረሰውም። የቆጠርኩት አስራ አንድ ነው እል ነበር በሆዴ፣ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ። ከዚያ የዌስሊ ታናሽ ወንድም ዓይኔ ላይ መጣ። ኦቶ የሚባል የስድስት ዓመት ሕፃን ነው፤ ክበቡ የሚገባው ለከርሞ ነው። አባቱ ጋር መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ውሎ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ከልጆቹ መሃል ገብቶ ቆሞ ነበር። እኔ ፊት አላየሁም። ሄልሜት ነው የቆጠርኩት።

ጆሊን ከመኪናዋ ወርዳለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ የት ናት?» ብላ ጠየቀችን፣ አንዴ ብቻ።

ጫካ ውስጥ፣ አልኳት። ብቻዋን።

ኦርቮ መኪናውን አስነስቶ በላይኛው መንገድ በሐይቁ በኩል ሊገባ ሄደ። ጆሊን ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ደወለች፤ ከሩቅ ስለሚመጡ አንድ ሰዓት ይፈጃል አሏት። አብሬሽ ልውጣ አለችኝ። ቲልዳ በሌላ በኩል ብትወርድ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ለመንኳት። ቆመች። እንዴት አድርጋ ከዚያች ቦታ ሳትነቃነቅ እንደቆመች እግዚአብሔር ይወቅ። እኔ ብስክሌቴን ይዤ፣ በልጆቹ መውጫ በኩል፣ መንገዱን በግልባጩ ይዤ ወጣሁ።

ስለዚያ መገንጠያ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። አጠገቡ በሽቦ የታጠረ የድሮ ማዕድን ጉድጓድ አለ። አባቶቻችን ሲቆፍሩት የነበረ ነው። ጥልቀቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ልጆቹን ሽቦውን መንካት ክልክል ነው፣ ወደዚያ መሄድ ክልክል ነው እያልን ነው ያሳደግናቸው። ኦርቮ እዚያ ቀስት ሲያቆም ሁልጊዜ በጣም የሚታዘዝ ልጅ ይመርጣል። ቲልዳን የመረጣት ለዚህ ነው።

ነፋሱ ደረሰ። ያ ነፋስ ሽው የሚል አልነበረም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ ነበር፣ ሰው ደረትህን ይዞ እንደሚገፋህ። ከግራ ከቀኝ ግንድ ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ የሚወድቀው ግን የት እንደሆነ አይታይም። ዳገቱ ላይ ከብስክሌቴ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ትንፋሼ አለቀ። በየእርምጃው የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ አትነሳም። ያቺ ልጅ አትነሳም። ዛፉ ራሷ ላይ ቢመጣ እንኳ፣ እኔ ስላልኳት አትነሳም።

ግማሽ ዳገት ላይ ባለ አራት ጎማ ሞተር የያዘ ሰው ሲወርድ አገኘሁ። ከኋላው መጋዝ ጭኗል፤ እንጨት ቆራጭ ነው፣ ፊቱን አላውቀውም። እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። አንዲት ሴት ልጅ አላየህም ወይ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አልኩት።

«ልጅ አላየሁም» አለኝ። «ቀይ ብስክሌት ግን አለ። ከሽቦው አጠገብ ተጋድሟል። ብዙ ተጣራሁ፣ መልስ የሰጠኝ የለም። ጥለውት የሄዱ መሰለኝ።»

የብስክሌቴን መሪ ይዤ ነው የቆምኩት። ሽቦውስ፣ አልኩት። አንድ በርች ዛፍ ወድቆበት አንዱ ምሰሶ ዘንበል ብሏል አለኝ። አብሬሽ ልመለስ አለ። አይሆንም፣ ታች እናቷ አለች፣ ሰው ይላኩልኝ በላቸው፣ ገመድ ያለው ሰው፣ አልኩት። «ገመድ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የራሴን አፍ ጠላሁት።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ብስክሌቴን የት እንደጣልኩ እንኳ በማግስቱ ነው ያወቅሁት።

መገንጠያው ላይ ስደርስ ሰውየው እንዳለው ነው። ቀዩ ብስክሌት ተጋድሟል፣ የፊት ጎማው በነፋሱ ቀስ ብሎ ይዞራል። ምሰሶው ዘንብሏል፣ ሽቦው ልጅ የሚያሾልክ ያህል ተከፍቷል። ሰው የለም። ስሟን ጠራሁ። ነፋሱ ድምፄን ከአፌ ላይ እየነጠቀ ወሰደው። እንደገና ጠራሁ። ከዚያ እግሬ ራሱ ወደ ሽቦው ወሰደኝ። በሆዴ ተኝቼ ተሳብኩ፤ ሆዴ ሥር ያለው አፈር ርሶ ይንሸራተታል። አንገቴን ወደ ጉድጓዱ አሰገግኩ። ጥቁር ነው። ጉንጬ ላይ ከታች የሚወጣ ቀዝቃዛ አየር ይነካኛል። አንዲት ጠጠር ከክርኔ ሥር ተንሸራታ ወደቀች፣ እኔም ጆሮዬን ጥዬ ድምፅዋን ጠበቅሁ። አልመጣም። ልጄ እዚህ ውስጥ ነሽ ወይ ብዬ ለመጣራት አልደፈርኩም፤ መልስ ባይመጣ ዝምታውን መሸከም እንደማልችል ገብቶኛል።

«ሙሙ፣ እዚያ መሄድ ክልክል ነው።»

ከኋላዬ ነበር። በሆዴ እንደተኛሁ ዞር አልኩ። ከቅጠላ ቅጠሉ መሃል፣ ከአንድ የተገነደሰ ግንድ ሥር፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል፤ ሄልሜቷ እስከ ቅንድቧ ወርዷል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ከኔ አምስት እርምጃ አትርቅም። ስጣራ ሁሉ እዚያው ነበረች።

ተመልሼ ተሳብኩ። ደረስኩባትና ያዝኳት፤ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ፊቷን። እንደ በረዶ ናት። ለምን አልመለስሽልኝም ልጄ አልኳት፣ በቁጣ ሳይሆን አይቀርም፣ ፍርሃት ሲወጣ እንደዚያ ነው።

ቲልዳ ወደ ሐይቁ መንገድ ጠቆመች።

«ጭራ የሚመጣው በዚያ ነው» አለችኝ። «አንቺ በዚህ መጣሽ። ልጆቹም የሉም።»

እንጨት ቆራጩንም አይታዋለች። የማታውቀው ሰው ስለነበረ ተደበቀች። ነፋሱ ሲበረታ ግንዱ ሥር ትገባለች፣ ሲቀንስ ወጥታ መገንጠያው ላይ ትቆማለች፣ እጇንም ትዘረጋለች። ይህን ሁሉ በአጭር በአጭሩ ነው የነገረችኝ፣ አስተማሪ ጠይቋት እንደምትመልስ። አንድ ጊዜ ዛፉ ሲወድቅ ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች፤ እሱን ስትነግረኝ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ጥፋት መስሏታል።

ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት። እየቆለፍኩላት ሳለ ጠየቀችኝ።

«የቆምኩበት ቦታ ልክ አልነበረም?»

ያንን ሁሉ ጊዜ የምታስበው እሱን ነው። አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ዛፍ ሲወድቅ፣ ሰማይ ሲጮህ፣ ምን አጥፍቼ ነው የማይመጡልኝ እያለች። ሌላ ነገር ልላት እችል ነበር፤ ነፋሱ ነው፣ የዌስሊ ካቴና ነው፣ ኦርቮ ነው። ዓይኖቿ ግን ከፊቴ አልተነሱም።

«ልክ ነበርሽ» አልኳት። «ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። በሌላ መንገድ ወረድኩ።»

ትንሽ አሰበች። «ትተሽኝ ነው ወይስ ረስተሽኝ?»

«ረስቼሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ይቅር አለችኝ ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ልጅ ነገር ሲገባው እንደዚያ ነው የሚነቀንቀው። ከዚያ እጄን ያዘች፤ ያዘች ስላችሁ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ለእማዬ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ወረድን። ብስክሌቶቹን ትተናቸው፣ በወደቁ ግንዶች ላይ እየተሻገርን፣ በአንዳንዱም ሥር እየተሳብን። ከኋላችን የሆነ ነገር ሲሰበር ሁለታችንም ቆም እንልና እንደገና እንሄዳለን። አገኘኋት ብዬ ፍርሃቱ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ያኔ ነው የጀመረኝ። እያንዳንዱን ዛፍ ቀና ብዬ እያየሁ፣ ይሄ ነው የሚወድቅባት፣ አይ ይሄኛው ነው፣ እል ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ገመድ የጠቀለሉ አራት ሰዎች አገኙን፤ እንጨት ቆራጩም አብሯቸው ነበር። አንደኛው ቲልዳን ልሸከምሽ አላት፤ እምቢ ብላ እጄን አጥብቃ ያዘች።

ማቆሚያው ላይ ጆሊን እዚያው፣ የተውኳት ቦታ ላይ ቆማለች። ዝናቡ ልብሷን ገላዋ ላይ ለጥፎታል። ልጇን ስታይ አልሮጠችም። ልጇ እስክትደርስላት ጠበቀች፤ ስትደርስ ተንበረከከችና ሄልሜቷን ፈታ አወለቀችው፣ ፀጉሯን በጣቶቿ እየከፋፈለች ጭንቅላቷን ዳበሰች፣ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ከዚያ እንደገና ከጭንቅላቷ ጀመረች።

ኦርቮም በላይኛው መንገድ ዛፍ ወድቆ ዘግቶበት ተመልሶ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ጆሊን፣ አላት፣ ቆጥረን ነበር፣ ሁለታችንም፣ አስራ አንድ ነበር፣ ያ ትንሹ ልጅ መሃላቸው ገብቶ ነው፣ ከዚያ ነፋሱ... ለኔ ብሎ ነው። ደግ ሰው ነው። የቆሙትም ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ፣ ነፋሱ፣ እንዲህ ዓይነት ነፋስ አይተን አናውቅም፣ ተባባሉ። ዝም ብል የሚበቃኝ ነበር። ቲልዳ ግን በእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አድርጋ ታየኛለች።

«ነፋሱ አይደለም» አልኩ። «ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። አቋራጭ ገባሁ፤ ልጅሽ እዚያ መቆሟን ረሳሁ። እንዳትነሳ ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ አንድም ነገር አላጠፋችም።»

ጆሊን ልጇን ታቅፋ ተነሳች፣ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻት፣ ቀበቶዋን አሰረችላት፣ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወደኔ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝም እሸከመው ነበር።

«ዛሬ ላናግርሽ አልችልም» አለችኝ። «ነገ ደውይልኝ።»

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ዋጋ የለውም፤ እናንተም ብትሆኑ አትተኙም። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ፣ ስልኩን ከፊቴ አድርጌ። ዛሬ ቀስት ብቻውን አይቆምም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቆሙት፣ ቁጥሩም በስም ነው፤ ያንን ጠዋት ግን ክበብም ሕግም በሐሳቤ አልነበረም። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። አንዴ እንደጠራ አነሳችው።

«ሌምፒ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ የኔም እሷን ሳይሰማት አልቀረም። ማለት ያለብኝን ነገር ሌሊቱን ሁሉ አዘጋጅቼው ነበር፣ አንዱም አልመጣልኝም። ከጀርባዋ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ፣ ከዚያ የልጅ ድምፅ። እማዬ፣ ሙሙ ናት? ብስክሌቴ እዚያ ቀርቷል በያት፣ ይላል።

አመጣዋለሁ በያት፣ አሁኑኑ ወጥቼ አመጣዋለሁ፣ አልኳት፤ እየተነሳሁም ነበር።

«ብቻሽን እንዳትወጪ» አለችኝ ጆሊን። «ኦርቮን ይዘሽ ሂጂ።»